የሁለት ደጅ ድንገቴ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.
አዲስ አበባ
(የማይላክ)

አታክልቲ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ አልልከውም። እጄ እውነቱን አንድ ጊዜ ካልጻፈው ሌላውን አልጽፍም ስላለኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስደረድር የሰው አንድም አላስቀረሁም፤ የራሴን ማስቀረት መብቴ ይመስለኛል።

እናትህ ለተክርስቶስ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት አረፈች። ጠዋት ሻይዋን ጠጥታ ደጅ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠች ነው የሄደችው። እንደ ወትሮው ከጎረቤት ደጄ መጥቼ አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እጄን ይዛ አስምላኛለች። «አታክልቲ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳታረዱት። አራት ዓመት የለፋበት ነው፤ በእኔ የተነሣ አቋርጦ እንዳይመጣ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ባትለኝስ መርዶ በፖስታ ይላካል እንዴ? መርዶ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደገፉበት ትከሻ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። አንተ ሰው አገር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻህን ሆነህ ፖስታ ቀድደህ የእናትህን ሞት ስታነብ አሰብኩትና ብዕሬን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለሰው ያደረሰ እጅ እንዲህ ያለውን መጻፍ የለበትም።

ስልኬን ዘግቼ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ድምፅህን ከሰማሁ አለቀልኝ። የአጎትህ ልጅ ሃፍቶም፣ በትግርኛችሁ እናትን እንደምትጠሩት፣ «አደይ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» እያለ ሊያቆይህ ተስማምቷል። እኔ ግን ጸበል ገብታለች ብዬ አልጽፍም። ዝም እልሃለሁ እንጂ አልዋሽህም።

ለራሴ አንድ ነገር ተስያለሁ። ደጇ ላይ የነበረውን ነጩን የድንገቴ አበባ በመቃብሯ ራስጌ እተክላለሁ። አንተ ስትመጣ ደረቅ አፈር ብቻ እንዲጠብቅህ አልፈልግም። ከክረምቱ በኋላ ዙሪያውን ሲሚንቶ ስለሚያለብሱት ከዚያ በፊት መትከል አለብኝ። ይህ ደብዳቤ ከስልኩ ጋር ሣጥን ይገባል።

ደብሪቱ


መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለልጄ ለአታክልቲ፣ ፑኔ፣ ህንድ

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። የጥር ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ፤ መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። በስልክም አትፈልገኝ፣ ስልኬ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ግቢያችን የሰማኸው እውነት ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ያለው ሰፈር ሲነሣ የእኛም ቀን ተቆርጦለት ባለፈው ሳምንት ጭነን ወጣን። ለእኔ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ደርሶኛል። በስተርጅና ከፍ አልኩልህ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በረንዳዬ ድረስ ይመጣና ከታች ያለው አገር በሙሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከጉሙ ሥር ያለው ፒያሳ ይመስለኛል። የወርቅ ቤቶቹ መጋረጃ ሲነሣ፣ ታክሲዎቹ ድልድዩ ላይ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። ጉሙ ሲገፈፍ ሌላ ኮንዶሚኒየም ሆኖ አገኘዋለሁ።

አሁን እንደ ተማረ ሰው አማክረኝ። ስንወጣ ሁሉም ከየደጁ የተተከለውን ቆፍሮ ወሰደ። እኔ የራሴን ደጅ፣ የእናትህን ደጅ፣ አትክልት ተራ የሚነግደውን የገነነን ደጅ ቆፍሬ በሦስት የወተት ጣሳ ከተትኩ። የደረቀ ቅጠላቸውን ቆረጥኩ፤ በየጣሳው ላይ በፕላስተር «ለተ»፣ «ደብሪቱ»፣ «ገነነ» ብዬ ለጠፍኩ። ፖስታ ቤት የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አድራሻው ካለ ውስጡን ማየት አያስፈልግም።

ገነነ ግን ሳቀብኝ። ሦስቱም እንደ ሽንኩርት ራስ እየመሰሉ ነጩ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ አለኝ። በአድራሻው አልኩት። «አድራሻ አምነሽ ባዶ ፖስታ እንዳትልኪ» አለኝና ልቤን ከፈለው። ሐምራዊው በየደጁ የነበረ ነው፣ ነጩ የእናትህ ብቻ ነበር። የምፈልገውም ነጩን ነው። አበባውን ሳልጠብቅ የምለይበት መላ አለህ ወይ?

የምተክለው በረንዳዬ ላይ አይደለም። ለአንድ ወዳጄ ቃል አለብኝ። ቦታው በየዕለቱ ውኃ የሚያጠጣ ሰው የለውም፤ ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ ነው የሚያገኘው። እንደዚያ ባለ ቦታ ይኖራል?

ፈተናህ ሰኔ መጨረሻ ላይ መሆኑን ጽፈህልኛል። በርታልኝ፣ ሳትበላ አትደር።

ደብሪቱ


ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፑኔ

ለእትዬ ደብሪቱ፣

ከዚህ ከሚያቃጥል አገር ጉምዎ ድረስ የሚደርስ ሰላምታ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። እንደ ልማዴ ከታች ጀምሬ አየሁት፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ አነበብኩት፣ ከዚያ እንደገና ከታች።

ሃፍቶም አደይ ጸበል መግባቷን ነግሮኛል። ስትመለስ ሰላም ይበሉልኝ።

ስለ ግቢው ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። እዚህ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ዓይኔን ስጨፍን ከበሩ እስከ ቧንቧው ድረስ ስንት እርምጃ እንደነበር እቆጥራለሁ። ሃያ ሦስት ነበር። ልጅ እያለሁ ነው የቆጠርኩት፤ ምናልባት አሁን አሥራ አምስት ይሆን ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እናቴ ድንገቴ ያለችው አበባ እዚህም የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሞልቷል። አገሩ ከውቅያኖስ ማዶ ነው፤ እዚህም እዚያም በሰው እጅ የመጣ ነው። የሳይንስ ስሙ ሲተረጎም የምዕራብ ነፋስ አበባ ማለት ነው። እናቴ ያወጣችለት ስም ግን ይበልጥብኛል። አፈሩ ባዶ ሆኖ ያድራል፣ ዝናብ በጣለ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ማንም ሳያየው ብቅ ይላል።

እኛ ዕፅዋትን የምንለየው እርስዎ ደብዳቤ እንደሚለዩት ነው። መጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ ከተማውን፣ መጨረሻ የሣጥን ቁጥሩን። ስለዚህ ዛሬ አገሩን ብቻ እንለይ። ከየጣሳው አንድ ራስ ያውጡ፣ ከጎኑ በጥፍርዎ ትንሽ ቧጨር አድርገው ያሽትቱ። የሽንኩርት ሽታ ካለው ድንገቴ አይደለም። ድንገቴ እርጥብ ሣር ይሸታል፣ ወይም ምንም አይሸትም። እጅዎን ደግሞ ይታጠቡ፤ ራሱ ሽንኩርት ይምሰል እንጂ መርዝ አለው። ወጥ ቤት አጠገብ እንዳያኖሩት። ገነነ ቢስቅም ይህን አይቅመስ።

ስለ ቦታው ለጠየቁኝ ይኖራል። ውኃ የሚያጠጣው ሰው ባይኖርም ቅር አይለውም። በበጋ አፈር ውስጥ ይተኛል፤ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። እንዲያውም እንደዚያ ያለ ቦታ የሚስማማው አበባ ፈልግ ብባል እሱን ነበር የምመርጠው።

ያድርስልን።

አታክልቲ


ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለልጄ ለአታክልቲ፣

እኔ ደህና ነኝ። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የጠፋሁት አንድ ትልቅ ዝግጅት ነበረብንና ከወጥ ቤት ሳልወጣ ስለሰነበትኩ ነው። ብዙ ሰው መጣ። የድሮው ግቢ ሰዎች በሙሉ በአንድ ድንኳን ተገናኘን። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ በአካል አጫውትሃለሁ።

እንዳልከኝ አሸተትኩ። «ለተ» ምንም አይሸትም፣ ሣር ሣር ይላል። «ደብሪቱ» እንደዚያው። «ገነነ» የሚለውን ብቧጭረው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባሮ ሽንኩርት ነው ልጄ። ከፒያሳ እስከ አባዶ በጭኔ አቅፌ ያመጣሁት፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር አፈሩን በእጄ የደገፍኩለት ባሮ ሽንኩርት ነው። ገነነን ጠርቼ ብነግረው «እኔ መቼ አበባ አልኩሽ?» አለኝ። ሾርባ ሠርቼ አበላሁት። ከላይኛው ፎቅ ዘይቱና የምትባል ጎረቤት አግኝቻለሁ፤ እሷንም ጠራኋት። ሦስታችን ስንስቅ ዋልን። ከሳቅሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

እንግዲህ አገሩ ተለየ። ከተማው እንዴት ይለያል? ቅጠል ገና አላወጡም። በየቀኑ ከቧንቧ አጠጣቸዋለሁ፣ እነሱ ግን ዝም ነው።

ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ አንድ ሕልም እየደጋገመ ይመጣብኛል። የድሮ መደርደሪያዬ ፊት ቆሜአለሁ። የሚመጣልኝ ግን ፖስታ አይደለም፣ እርጥብ አበባ ነው። ነጭ ነጩን አንድ ሣጥን ውስጥ አደርጋለሁ። ሣጥኑ ጀርባ የለውም፤ የከተትኩት ሁሉ ወዲያ ማዶ ዝናብ ላይ ይወድቃል። እኔም ዝም ብዬ እደረድራለሁ። ስነቃ እጄ አንሶላውን ሲያጣጥፍ አገኘዋለሁ።

ሰላም ይበሉልኝ ያልከኝን ሰላምታ እንደላክኸው አስቀምጨዋለሁ።

ደብሪቱ


ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፑኔ

ለእትዬ ደብሪቱ፣

ባሮ ሽንኩርቱን ለመምህሬ ተርጉሜ ነገርኩት። ሠላሳ ዓመት ዕፅዋት ያጠና ሰው ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ተሳስቶ እንደዚያው ማድረጉን በሹክሹክታ ነገረኝ። ስለዚህ አይፈሩ።

በመጀመሪያ የቧንቧውን ውኃ ያቁሙ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጠጣት ይህን አበባ ያጠግበዋል እንጂ አይቀሰቅሰውም። ቅጠል ቢያወጣ እንኳ አያብብም። ቅጠሉ ጣት ካከለ በኋላ ይተዉት፣ ይጠማ። ክረምቱ ሲገባ ጣሳዎቹን ወደ ምድር ያውርዷቸው። በረንዳዎ ጣሪያ አለው መሰለኝ፤ ዝናቡ እዚያ አይደርስባቸውም።

ከተማው የሚለየው በቅጠል ነው። ዓይንዎን ሳይሆን ጣትዎን ይመኑ። አንዱን ቅጠል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያንሸራትቱት። የሐምራዊው ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ጠባብ ጥብጣብ፣ መሐሉ ላይ ቦይ አለው። የነጩ ቀጭን፣ ወፈር ያለ ሥጋ ያለው፣ ክብ ለመሆን የቀረበ ነው፤ እንደ ሹራብ መሥሪያ ሽቦ ይንከባለላል። ተዘግቶ የመጣ ፖስታ በእጅዎ ብቻ ምን እንደያዘ ያውቁ እንደነበር አደይ ስትነግረኝ አድጌአለሁ።

የሣጥን ቁጥሩ የሚታየው ሲያብብ ነው። አገዳው ውስጡ ባዶ ሆኖ አንድ አበባ ብቻ ይሸከማል። ስድስት የአበባ ቅጠል፣ ስድስት ቢጫ ጫፍ ያላቸው ክሮች፣ መሐል ላይ ደግሞ ብቻዋን የቆመች አንዲት ክር አለች። የሐምራዊው መሐለኛ ክር ጫፉ ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ይዘረጋል። የነጩ ጫፍ ተሰነጠቀ ለማለት እንኳ አያስደፍርም።

እዚህ ዝናቡ ገና ነው። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ይጠቁርና ሳይጥል ያልፋል። ባዶውን መስክ እያየሁ ከሥሩ ስንቱ ተኝቶ ይሆን እላለሁ። በጥር አደይ ስልክ ላይ ስለ ድንገቴ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰሞኑን ሳስበው እውላለሁ።

ፈተናው ሰኔ 24 ነው። እስከዚያ አጭር አጭር ብጽፍልዎ አይቀየሙኝ።

አታክልቲ


ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

አታክልቲ ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ከፈተናህ በፊት እንዳይደርስህ ሆን ብዬ በተራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ከሥራ ዘመኔ የቀረኝ አንድ ጥበብ ቢኖር ደብዳቤ ማዘግየት ነው።

ላጠፋሁት ይቅርታ አድርግልኝ። ቅጠሉ ጣት ሲያክል እንዳልከኝ «ለተ» ያለውን በጣቶቼ መካከል አንሸራተትኩት። ጠፍጣፋ ነው። እንደገና ሌላ ያዝኩ፣ ጠፍጣፋ። ሁሉንም አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ጥብጣብ ነው ልጄ፣ መሐሉ ቦይ አለው። አልተንከባለለልኝም።

ነጩን እዚያው ትቼው መጥቻለሁ ማለት ነው። ደጇን ስቆፍር ከዳር የነበረውን አንሥቼ ከመሐል የነበረውን ትቼ ይሆናል። ዓይኔም ደህና አያይም ነበር ያን ቀን፣ ለምን እንደሆነ አሁን አልነግርህም። በማግስቱ ከሚኖርበት ከአፍንጮ በር ሃፍቶምን ይዤ ወደ ሰፈራችን ሄድኩ። መሬቱ ተደልድሎ መንገድ ሆኗል። ከበሩ እስከ ቧንቧው ያልከውን ሃያ ሦስት እርምጃ ለመቁጠር ሞከርኩ፤ የት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ተውኩት። ሃፍቶም እጄን ይዞ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ። ሾፌሩ ምን ጠፋብዎት እናቴ ቢለኝ «አበባ» አልኩት። ሬዲዮኑን ቀነሰልኝ።

ቃል የገባሁለትን ሰው አሳፈርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠፋብኝ ነገር አሁን ጠፋብኝ።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ እናትህ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም ነበር። ባለመጠየቅህ ግን ይኸው እንቅልፍ አጣሁ። ዝናቡ ገብቷል። ዘይቱና ሁለቱንም ጣሳ አውርዳ ከሕንፃው ሥር ሜዳ ላይ አስቀመጠችልኝ። የራሴን ጣሳ ለምን እንዳስወረድኩት አላውቅም። ሐምራዊ መሆኑን አውቃለሁ፣ ዓመት ዓመት ደጄ ላይ ሲያብብ ነው የኖረው፤ ቅጠሉን አልነካሁትም።

እግዚአብሔር ይርዳህ።

ደብሪቱ


ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፑኔ

ለእትዬ ደብሪቱ፣

ፈተናውን አልፌአለሁ። ሰኔ 24 ከቀትር በፊት ተጠየቅሁ፤ ከቀትር በኋላ እጄን ጨበጡኝና ዶክተር አሉኝ። ከአዳራሹ ስወጣ ከባድ ዝናብ ይጥል ነበር። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ማዘግየቱን አሁንም አልረሱትም።

አሁን ፈተናው ስላለቀ እኔም ልናገር። አውቃለሁ፣ እትዬ ደብሪቱ። ከመጋቢቱ ደብዳቤ ጀምሮ አውቃለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ አደይ የምትለኝን እርስዎ ነበሩ የሚጽፉልኝ። ዓይኗ ከደከመ በኋላ ከራሷ እጅ የምትልክልኝ በወረቀቱ ግርጌ ያለችውን መስቀል ብቻ ነበር። አንዳንዴ ትጣመማለች፣ አንዳንዴ ከመስመሩ ትወጣለች። ፖስታ ስቀድድ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። በመጋቢቱ ደብዳቤ ላይ አልነበረችም። ጸበል ገብታ ይሆናል ብዬ ወደ ላይ ወጣሁና አነበብኩ። ደጇን የቆፈሩት እርስዎ ነዎት። ነጩ «የእናትህ ነበር» ብለዋል። የሚተክሉትም ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ በሚያገኝ ቦታ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የደረቁ ዕፅዋት የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እዚያ ነው ያለቀስኩት። በዚያ ክፍል ሰው ሲያለቅስ ማንም አይሰማም፤ ወረቀቱ ድምፅ ይውጣል።

ለምን ዝም እንዳልኩ ይጠይቁኝ ይሆናል። እሷ እንድጨርስ እንደምትፈልግ ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገኝም። እርስዎም ይህን ሁሉ ሸክም ለእኔ ሲሉ ተሸክመው ሳይ፣ አወቅሁት ብዬ ከእጅዎ ልነጥቅዎ አልደፈርኩም። አንዳችን ለአንዳችን ስንጠነቀቅ ሦስት ወር ሞላን። ስለ እሷ መጠየቅ የተውኩት እርስዎን ላለማስዋሸት ነው።

ነጩ ግን አልጠፋም።

በጥር አደይ በእርስዎ ስልክ ስትደውልልኝ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ድንገቴ ሳያውቀው ከቦታው የሚነሣው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቅጠሉ ደርቆ ሲተኛ አልኳት። «የሰው ደጅ ቢተከል ይከፋዋል?» አለችኝ። የማን ደጅ ብላት ሳቀች። ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው፤ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሳስበው፣ ግቢው ሲነሣ እሷ ከሌለች ደጇን የሚቆፍር ሰው እንደማይኖር፣ እርስዎ ግን ከራስዎ ደጅ ሳይወስዱ እንደማይወጡ ገምታ ነበር። ነጩን እርስዎ ደጅ፣ የእርስዎን ሐምራዊ እሷ ደጅ አድርጋ አፈሩን ደልድላዋለች። ክረምት ሲመጣ በድንገት እንዲያዩት ፈልጋ ነው ዝም ያለችዎት።

ስለዚህ ያልነኩትን ጣሳ ይንኩ። የእርስዎ ስም የተጻፈበትን።

መቃብሯ ላይ ግን ነጩን አይትከሉት። ነጩን ለእርስዎ ሰጥታዋለች። «ለተ» በሚለው ጣሳ ያለው ሐምራዊ የእርስዎ ደጅ አበባ ነው፤ ራስጌዋ ላይ እሱ ይሁን። እሷው ራሷ መርጣ ከደጇ አስገብታዋለች።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ነሐሴ 8 ማታ እገባለሁ፣ ሃፍቶም ቤት ነው የማርፈው። ባውቅም አልተነገረኝም። ሦስት ወር ሙሉ ያወቅሁት ብቻዬን ነው፤ ማንም ትከሻዬን አልያዘኝም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጥተው ያንኳኩና ይንገሩኝ። በእናቴ ቋንቋም ባይሆን በእርስዎ አንደበት ልስማው።

አታክልቲ


ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

አታክልቲ ልጄ፣ ዶክተሬ፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ሃፍቶም ትራስህ ላይ ያደርግልሃል።

ደብዳቤህን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት አልቻልኩም። ከዚያ ወደ ሜዳው ወርጄ በስሜ ያለውን ጣሳ ነካሁ። ቅጠሉ በጣቶቼ መካከል ተንከባለለ። ዘይቱና ከላይ በመስኮት አይታኝ ሮጣ ወረደች፣ የወደቅሁ መስሏት።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ፀሐይ ሆነ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሄጄ ባይ አንድ አገዳ ቆሟል። አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ነጭ ነው። እንዳልከኝ አንድ በአንድ ለየሁት። ስድስት የአበባ ቅጠል፣ ስድስት ክር፣ መሐለኛዋ ክር ጫፏ ያልተሰነጠቀች። አገዳውን ልቆርጠውና ባዶ መሆኑን ላረጋግጥ አሰብኩ፣ አልጨከንኩም። ማታ ተጣጠፈ፣ ጠዋት እንደገና ተከፈተ። አሁን ሰባት ሆነዋል። በዚህ ዕድሜዬ በአድራሻ ብቻ ደርድሬ ውስጡን ሳላይ ልቀር ነበር።

ለተን ተቆጣኋት። ብቻዬን ሜዳ ላይ ቆሜ በቁጣ ተናገርኳት። ደካማ ሰው አካፋ ይዛ፣ በዚያ በደከመ ልቧ፣ እኔ ሳልኖር ጠብቃ። ከዚያ አለቀስኩ። የካቲት ላይ አስተናጋጅ ሆኜ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ዘይቱና ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

ሐምራዊውን አልተከልኩትም፤ አብረን እንተክለዋለን። ጣሳው ሃፍቶም በር ላይ ነው፣ ስትገባ አይተኸው ይሆናል።

ዛሬ ደክሞሃል፣ ብላና ተኛ። ነገ ጎህ ሲቀድ እኔ፣ ሃፍቶም፣ ገነነና የግቢያችን ሰዎች እንመጣለን። ዘይቱናም ልምጣ ብላኛለች። ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነህ ክፈትልኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምናገር ሰው ሆኜ እነግርሃለሁ።

በዚህ ወረቀት ግርጌ መስቀሏ የምትገባበትን ቦታ አልጻፍኩበትም፤ ክፍት ትቼዋለሁ።

ደብሪቱ